የቆመ መኪና ከመጎተቱ በፊት

በቀራንዮና በአካባቢው የምትኖሩ አንባብያን እንደምታውቁት፣ ክረምት በገባ ቁጥር በየመንገዱ ዳር የሚታይ አንድ የተለመደ ነገር አለ። ይኸውም አሮጌ ላንድሮቨር ወይም ላንድክሩዘር አንድ ጎማውን ቦይ ውስጥ ጥሎ ወይም ጭቃ ውስጥ ሰጥሞ ይቆማል። የሠፈሩ ወጣት ይሰበሰባል። አንዱ «ግፉ!» ይላል፤ ሌላው «ቆይ!» ይላል፤ ሦስተኛው ገመድ ይዞ ከመኪናው ሥር ይገባል። የቸገረውን መንገደኛ ሳያልፉ ማገዝ የቆየ መልካም ልማዳችን ስለ ሆነ ሊመሰገን ይገባዋል።

ይሁን እንጂ ብዙዎቻችን ልብ የማንለው አንድ ነገር አለ። የቆመ መኪና በቆመበት ጊዜ ማንንም አይጎዳም። አደጋ የሚመጣው ሊያወጡት ሲነሡ ነው። የተበጠሰ ካቦ፣ የተነቀለ ጋንቾ፣ ፍሬን የሌለው መኪና ቁልቁለት ላይ መንቀሳቀሱ፣ እነዚህ ሁሉ የሚደርሱት በእርዳታው ሰዓት ነው፤ የሚጎዱትም አብዛኛውን ጊዜ ለመርዳት የመጡት ሰዎች ናቸው። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ በአራቱም ጎማ የሚነዳ አሮጌ መኪና ሲበላሽ ወይም ሲያዝ፣ ሰውም መኪናም ሳይጎዳ እንዴት እንደሚወጣና እንደሚጎተት እናስረዳለን። ጽሑፉ ለሾፌሮች ብቻ የተጻፈ አይደለም። በየፕሮጀክቱ የምትሠሩ፣ በመኪናው የምትሳፈሩ፣ ሲቆምም ወርዳችሁ የምትገፉ ሁሉ ልታውቁት የሚገባ ነው።

አሮጌዎቹ መኪኖች ዛሬም ለምን አሉ?

ላንድሮቨር መሠራት የጀመረው በ1948 እ.ኤ.አ. ነው። ባለ ሸራውና ባለ ቆርቆሮው «40» የሚባለው ላንድክሩዘር ከ1960 እስከ 1984 እ.ኤ.አ. ድረስ ተሠርቷል፤ በ1984 እ.ኤ.አ. ደግሞ «70» የሚባለው ተተካ። በ1966 እና በ1977 ዓ.ም. በአገራችን ረሃብ በደረሰ ጊዜ፣ ገጠር ለገጠር የዕርዳታ ሥራ ከተሠራባቸው መኪኖች መካከል እነዚህ ይገኙበታል። ዕድሜያቸው ቢገፋም ሻንሲያቸው ጠንካራ፣ አሠራራቸውም ለመካኒክ ግልጥ ስለ ሆነ፣ መለዋወጫቸውም ከሶማሌ ተራ ተፈልጎ ስለሚገኝ እስከ ዛሬ ይሠራሉ። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከወሰነ ወዲህ ደግሞ ያለውን መኪና ጠግኖ መያዝ የበለጠ አስፈላጊ ሆኗል።

ነገር ግን አሮጌ መኪና ይቆማል። ከቀራንዮ ተነሥቶ በአየር ጤና፣ በዓለም ገናና በሰበታ አድርጎ በጅማ መንገድ የሚሄድ መኪና፣ ተፍኪንና ቱሉ ቦሎን ይዞ የተዘረጋውን የበቾን ሜዳ ያገኛል። ከአስፋልቱ ወደ ቀበሌ መንገድ በወጣ ጊዜ የሚጠብቀው ዋልካ ነው። ዋልካ በበጋ ተሰነጣጥቆ እንደ ድንጋይ ይደርቃል፤ በክረምት ደግሞ የጎማውን ጥርስ ሞልቶ ጎማውን እንደ ሳሙና ያንሸራትተዋል። በከተማውም ውስጥ ቢሆን ዝናብ የመታው የኮብልስቶን ዳገትና ጥልቅ የጎርፍ ቦይ ቀላል ፈተና አይደሉም።

ከሁሉ በፊት ሰው

መኪና ሲቆም የመጀመሪያው ሥራ ገመድ መፈለግ አይደለም። የመጀመሪያው ሥራ መኪናው ወዴትም እንዳይንቀሳቀስ ማድረግና ሰዎችን ማራቅ ነው።

ሀ/ ተሳፋሪዎች በሙሉ ይውረዱ፤ ከመንገዱ ወጥተው መኪና በማይመጣበት በኩል ይቁሙ። ፍሬቻው ይብራ፤ አንጸባራቂው ባለ ሦስት ማዕዘን ምልክት ከመኪናው ራቅ ብሎ ይቀመጥ። መታጠፊያ ወይም የዳገት ጫፍ አጠገብ ከሆነ ምልክቱ ከመታጠፊያው በፊት መሆን አለበት፤ አለዚያ የሚመጣው ሾፌር የሚያየው ከደረሰ በኋላ ነው።

ለ/ ጎማዎቹ በታኮ ይያዙ። ጥሩ ታኮ ከሌለ ትልቅ ድንጋይ ይበቃል። ቁልቁለት ከሆነ ታኮው በታችኛው በኩል ይደረጋል።

ሐ/ አንድ አዛዥ ይመረጥ። በአገራችን አንዱ «ና፣ ና» እያለ፣ ሌላው የመኪናውን ጎን እየደበደበ፣ ሌላው እያፏጨ ሾፌሩ ማንን እንደሚሰማ ይጠፋዋል። ከአዛዡ በስተቀር ሌላው ሰው ዝም ይበል። አንድ ቃል ብቻ ግን ከማንም አፍ ቢወጣ ይከበር፤ እርሱም «ቁም!» የሚለው ነው።

መ/ ልጆች ከአካባቢው ይራቁ። ልጆች ጉዳዩን እንደ ጨዋታ ይመለከቱታልና ከሠራተኞቹ አንዱ እነርሱን የመጠበቅ ሥራ ብቻ ይሰጠው።

ስለ እጅ ፍሬን ማወቅ የሚገባን

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያውቀውን አንድ ነገር እናንሣ። በቀድሞዎቹ ላንድሮቨሮችና በአንዳንድ አሮጌ ላንድክሩዘሮች የእጅ ፍሬኑ የሚይዘው ጎማዎቹን አይደለም። የሚይዘው ከካምቢዮው ጀርባ ወደ ኋላ ዲፈረንሻል የሚሄደውን ረጅም ዘንግ ነው። ከዚህም የተነሣ ሦስት ነገሮች ይከተላሉ።

አንደኛ፣ ከኋላ ጎማዎች አንዱ በክሪክ ከመሬት ከተነሣ የእጅ ፍሬኑ መኪናውን መያዝ ያቆማል። ዘንጉ ቢያዝም የተነሣው ጎማ ወደ አንድ አቅጣጫ ሲዞር፣ መሬት ላይ ያለው በዲፈረንሻሉ አማካይነት ወደ ሌላው ይዞራል፤ መኪናውም ከክሪኩ ላይ ይንሸራተታል። ሁለተኛ፣ የኋላው ረጅም ዘንግ ከተፈታ ወይም የጎማው ዘንግ ከተሰበረ የእጅ ፍሬን የለም ማለት ነው። ሦስተኛ፣ መኪናው በመንቀሳቀስ ላይ ሳለ ያንን ፍሬን በድንገት መሳብ ዘንጉንና ጥርሶቹን ሊሰብር ይችላል። ስለዚህ የእጅ ፍሬኑ ተስቧል ብሎ ታኮ ሳያደርግ ከእንዲህ ዓይነት መኪና ሥር የሚገባ ሰው ሕይወቱን በማይታመን ነገር ላይ ጥሏል። በክሪክ ብቻ ከተነሣ መኪና ሥር ደግሞ ማንም ሰው በምንም ምክንያት አይግባ።

ሦስቱ ጥያቄዎች

ታኮው ከተደረገና ሰው ከራቀ በኋላ አዛዡና ሾፌሩ ሦስት ጥያቄዎችን ይጠይቁ።

1ኛ/ መኪናው ይሽከረከራል ወይ? አራቱም ጎማዎች በነጻ ይዞራሉ ወይ? የተያዘ ኩሽኔታ፣ የተጣበቀ ፍሬን ወይም የተሰበረ ዲፈረንሻል ካለ ጎማው ይጎተታል እንጂ አይሽከረከርም።

2ኛ/ መሪው ይታዘዛል ወይ? የመሪው እጆችና መገጣጠሚያዎች ደኅና ናቸው ወይ? ቁልፉ ሲነቀል መሪው የሚቆለፍ ከሆነ ቁልፉ ገብቶና ተከፍቶ መቆየት አለበት። የሚጎተት መኪና ቁልፉ ተነቅሎ መሪው መታጠፊያ ላይ ቢቆለፍ ሾፌሩ ሊያደርገው የሚችለው ነገር የለም።

3ኛ/ ፍሬኑ ይይዛል ወይ? ሞተሩ ሲጠፋ የፍሬን አጋዡ ሥራ ያቆማል። ፔዳሉ ሁለት ሦስት ጊዜ ከተረገጠ በኋላ ይደነድናል፤ ከዚያ ወዲያ በሙሉ ጉልበት መርገጥ ያስፈልጋል። መሪውን የሚያቀልለው መሣሪያ ያለበት መኪና ከሆነም መሪው በጣም ይከብዳል። በሚጎተተው መኪና ውስጥ የሚቀመጠው ሰው ይህንን አስቀድሞ ማወቅና ከመነሣቱ በፊት ፔዳሉን ረግጦ መሞከር አለበት።

ከሦስቱ ለአንዱ መልሱ «አይደለም» ከሆነ መኪናው በገመድ አይጎተትም፤ በመኪና ላይ ተጭኖ ይሄዳል። ለጭነት የሚከፈለው ገንዘብ ብዙ ሊመስል ይችላል። ነገር ግን ፍሬን የሌለው መኪና በገመድ ታስሮ በአየር ጤና ወይም በጦር ኃይሎች አደባባይ መካከል ቢለቅ የሚያስከፍለው ዋጋ በገንዘብ አይተመንም።

የትንሹ ካምቢዮ ጉዳይ

በአራቱም ጎማ የሚነዳ መኪና ከሌላው የሚለየው ከዋናው ካምቢዮ ጀርባ ሌላ ትንሽ ካምቢዮ ስላለው ነው። መካኒኮች ትራንስፈር ይሉታል። ሥራው የሞተሩን ኃይል ለፊትና ለኋላ ዲፈረንሻል ማካፈል ነው። መኪናው ሲጎተት ጎማዎቹ ዘንጎቹን፣ ዘንጎቹም ትንሹን ካምቢዮ ከውስጥ ያዞሩታል። እንግዲህ ችግሩ እዚህ ላይ ነው።

ካምቢዮ ውስጥ ያለው ዘይት ወደ ላይኛዎቹ ጥርሶችና ኩሽኔታዎች የሚደርሰው ውስጡ ሲሽከረከር እየተረጨ ነው። ሞተሩ ጠፍቶ ከፊሉ ብቻ በሚዞርበት ጊዜ ዘይቱ ለሁሉም ላይዳረስ ይችላል። ለጥቂት ኪሎ ሜትር በቀስታ ቢጎተት ላይጎዳ ይችላል፤ ረጅም መንገድ በፍጥነት ሲጎተት ግን ኩሽኔታው ደርቆ ይነዳል። በሞተር ብልሽት የቆመ መኪና ጋራዥ ሲደርስ በካምቢዮም ተበላሽቶ ይገኛል ማለት ነው። አውቶማቲክ ካምቢዮ ያለው መኪና የባሰ ነው፤ ዘይቱን የሚገፋው ፓምፕ የሚሠራው ሞተሩ ሲሠራ ብቻ ስለ ሆነ።

ስለዚህ በእጅ ማርሽ የሚሠራውን አሮጌ መኪና አራት ጎማዎቹ መሬት ላይ ሆነው ለመጎተት የሚከተለው ይደረጋል።

• የትንሹ ካምቢዮ ዘንግ ዜሮ ወይም ኒውትራል ላይ ይሁን፤ በአራት ጎማ መንጃ ላይ ፈጽሞ አይቅር።

• የፊት ጎማዎቹ መሐል ላይ በእጅ የሚዞር መቆለፊያ ካለ፣ ከ«ሎክ» ወደ «ፍሪ» ይመለስ። ያን ጊዜ የፊት ዲፈረንሻልና ዘንግ በከንቱ አይዞሩም።

• የመኪናው መምሪያ መጽሐፍ የሚፈቅደው ፍጥነትና ርቀት ይነበብ። መጽሐፉ ከሌለ በዝግታ፣ በአጭር ርቀት ብቻ ይጎተት።

• መንገዱ ረጅም ከሆነ ወይም ካምቢዮው ራሱ የተበላሸ ከሆነ የፊቱም የኋላውም ረጅም ዘንግ ይፈታ። አራት አራት ቡሎን መፍታት ነውና ከባድ ሥራ አይደለም። ቡሎኖቹና ዳዶዎቹ በጨርቅ ታስረው ይቀመጡ። ዘንጉ ሲፈታ ግን ከላይ እንደ ተናገርነው የእጅ ፍሬኑም ሊጠፋ እንደሚችል አትርሱ፤ ከመፍታታችሁ በፊት ታኮው በሁለቱም በኩል ይደረግ።

ትንሹ ካምቢዮ ዜሮ ላይ ባለ ጊዜ ዋናውን ማርሽ አንደኛ ላይ ማስገባት መኪናውን አያቆመውም። ሞተሩና ጎማው ተለያይተዋልና። ይህን ሳያውቁ «ማርሽ ውስጥ ነው» ብለው ገመዱን በፈቱ ጊዜ ቁልቁለት የሄደ መኪና አይጠፋም።

የፊቱን ወይም የኋላውን ጎማ በክሬን አንሥቶ በሁለት ጎማ ብቻ መጎተት ለታክሲና ለቤት መኪና የተለመደ ነው። በአራት ጎማ መንጃ ላይ ያለ መኪና ግን እንዲህ ከተጎተተ መሬት ላይ ያሉት ጎማዎች በትንሹ ካምቢዮ በኩል የተነሡትን ጎማዎች ያዞራሉ፤ ወይም ጥርሱ ይሰበራል። ሁልጊዜ በአራቱም ጎማ የሚነዱት፣ ለምሳሌ ሬንጅሮቨርና ከ1983 እ.ኤ.አ. ወዲህ የመጣው ላንድሮቨር 110፣ መሬት ላይ ያለው ጎማ ረጅም ዘንግ ሳይፈታ በዚህ መንገድ መጎተት የለባቸውም። ክሬን ለሚነዳው ሰው ይህንን መንገር የባለ መኪናው ኃላፊነት ነው።

ከጭቃ ማውጣት

መጎተትና ከጭቃ ማውጣት አንድ አይደሉም። በደረቅና ሜዳ አስፋልት ላይ መኪና ለማንቀሳቀስ የሚያስፈልገው ጉልበት ከክብደቱ ጥቂቱ ብቻ ነው፤ ለዚህ ነው ሦስት ሰው የሚገፋው። ጭቃ ላይ ግን እንዲህ አይደለም። በማውጣት ሥራ የሠለጠኑ ሰዎች የሚጠቀሙበት ግምት አለ። ጎማው እስከ ወገቡ ከሰጠመ የሚያስፈልገው ጉልበት የመኪናውን ክብደት ያህል ነው፤ እስከ ፓራፋንጎ ከሰጠመ እጥፍ ነው። 2,500 ኪሎ የሚመዝን የተጫነ ላንድክሩዘር ወገቡ ድረስ ከሰጠመ 2,500 ኪሎ፣ ከዚያ በላይ ከሰጠመ 5,000 ኪሎ መሳብ ማለት ነው። ዳገት ካለበት ደግሞ ይጨመራል፤ በ100 ሜትር ውስጥ 10 ሜትር ከፍ የሚል ዳገት በዚሁ መኪና ላይ 250 ኪሎ ያህል ይጨምራል።

ከዚህ ግምት የምንማረው፣ አንድ ሰዓት በአካፋ መሥራት ከጠንካራ ገመድ ይበልጣል። ስለዚህ፦

መጀመሪያ ጭነቱ ይውረድ። ከዚያ ከጎማዎቹ ፊት ያለው ጭቃ በአካፋ ይቆፈር፤ ሆዱ መሬት ነክቶ ከሆነ ከሥሩም ይጸዳ። መኪናው የሚወጣበት አቅጣጫ ይመረጥ። አብዛኛውን ጊዜ የተሻለው በገባበት ዱካ ወደ ኋላ መመለስ ነው፤ ከፊቱ ያለው መሬት አይታወቅምና። ከጎማው ሥር ድንጋይ፣ የባሕር ዛፍ ቅርንጫፍ ወይም ጆንያ ይነጠፍ። የአየር መሙያ ከያዛችሁ የጎማውን አየር ወደ ግማሽ ገደማ ዝቅ ማድረግ ጎማው ሰፋ ብሎ መሬቱን እንዲይዝ ይረዳል፤ አስፋልት ከመውጣታችሁ በፊት ግን መልሳችሁ ሙሉት።

ለመግፋት የሚቆሙ ሰዎች በጎንና በማዕዘን ይቁሙ እንጂ ከሚሽከረከር ጎማ ጀርባ ቀጥታ አይቁሙ። የተነጠፈው ድንጋይና ግንድ የሚወረወረው በዚያ በኩል ነው። ገመድ ከታሰረ በኋላ ደግሞ ማንም አይግፋ፤ ወይ በሰው ይገፋል፣ ወይ በገመድ ይሳባል፤ ሁለቱ አብረው አይሠሩም።

ሌላም ምክር አለ። በዋልካ አገር አንዳንድ ጊዜ ከሁሉ የሚሻለው መጠበቅ ነው። ዝናቡ አቁሞ ለግማሽ ቀን ፀሐይ ከወጣ ትናንት አሥር ሰው ያላነቃነቀው መኪና ዛሬ በራሱ ሊወጣ ይችላል። የሚያስቸኩል በሽተኛ ከሌለ በገበሬው ቤት ማደር ነውር የለውም። የገበሬው ማሳ ከተረገጠ ወይም አጥሩ ከተነቀለ ግን ሳይካስ አይታለፍ።

በምን ይታሰራል? የት ይታሰራል?

«ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» እንደሚባለው፣ በችኮላ የታሰረ ገመድ በክፉ ሰዓት ይለቃል።

የሚታሰርበት ቦታ ሻንሲው ላይ የተሠራው መጎተቻ ጋንቾ ወይም ቀለበት ነው። ፓራውልት ላይ፣ የመሪ ዘንግ ላይ፣ ባሌስትራ ላይ አይታሰርም። ተጎታች ጋሪ የሚሰካበት ክብ የብረት ኳስ በተለይ አደገኛ ነው። የተሠራው በዝግታ ለሚጎተት ጋሪ ነው እንጂ ለድንገተኛ ስበት አይደለም። በሌሎች አገሮች ይህ ኳስ ተነቅሎ እንደ ጥይት በመስታወት ገብቶ ሰው ገድሏል።

የገመዱ ዓይነት ሥራውን ይወስናል። የብረት ካቦና ሰንሰለት አይለጠጡም። ስለዚህ በእነርሱ የሚሳበው ገመዱ ቀስ ብሎ ከተወጠረ በኋላ ነው። ተንደርድሮ መንጠቅ አይፈቀድም። ምክንያቱ ግልጥ ነው፤ በሰዓት 10 ኪሎ ሜትር የሚሮጥ መኪና በ5 ኪሎ ሜትር ከሚሄደው አራት እጥፍ ጉልበት አለው፤ ያ ሁሉ ጉልበት በቅጽበት የሚያርፈው በካቦውና በጋንቾው ላይ ነው። ለመንጠቅ ተብሎ የተሠራ የሚለጠጥ የናይሎን ቀበቶ አለ። እርሱም ቢሆን የመሰበሪያ አቅሙ ከቀላሉ መኪና ሙሉ ክብደት ከ2 እስከ 3 እጥፍ መሆን አለበት። ሁለት ቀበቶ በብረት አይቀጠል፤ ቢበጠስ ብረቱ አብሮ ይወረወራል። የተቋጠረ ገመድ ደግሞ ከአቅሙ እስከ ግማሽ ድረስ ሊያጣ ይችላል። በየቦታው የተቀጣጠለ ገመድ ያለው ሰው ገመድ የለውም ብንል ማጋነን አይሆንም።

ካቦው መካከል ላይ እርጥብ ጆንያ፣ ወፍራም ብርድ ልብስ ወይም ካፖርት ይጣልበት፤ ቢበጠስ ወደ መሬት ይጫነዋል። ከሁለቱ ሾፌሮች በስተቀር ማንም ሰው ከካቦው ርዝመት አንድ ተኩል እጥፍ በሚሆን ርቀት ይቁም። 20 ሜትር ካቦ ከተዘረጋ 30 ሜትር መራቅ ማለት ነው። የተወጠረን ካቦ መሻገር ፈጽሞ ክልክል ነው።

መኪናው ላይ ዊንች ካለ ከመንጠቅ እጅግ የተሻለ ነው። በዊንች ሲሠራ የቆዳ ጓንት ይደረግ። ከበሮው ላይ ቢያንስ አምስት ዙር ካቦ ይቅር። ጉልበቱ አልበቃ ካለ ካቦውን በመዘውር አዙሮ መመለስ ፍጥነቱን በግማሽ ቀንሶ ጉልበቱን ወደ እጥፍ ያደርሰዋል። ዛፍ ላይ የሚታሰረው በሰፊ ቀበቶ ነው፤ ካቦ ብቻውን የዛፉን ልጥ ይገፈዋል፤ ራሱም ይጎዳል።

በመንገድ ላይ መጎተት

መኪናው ከጭቃ ወጥቶ ሦስቱን ጥያቄዎች ካለፈ ጉዞ ይጀመራል። በሁለቱ መካከል ከ4 እስከ 5 ሜትር ያህል ይሁን፤ ገመዱ መካከል ላይ ቀይ ጨርቅ ይታሰርበት፤ እግረኛ በመካከል ሊያልፍ እንዳይሞክር። ከተቻለ ግን ከገመድ የመጎተቻ ብረት ይሻላል፤ የኋላው መኪና የፊቱን እንዳይገጭ ይከላከላልና።

በሚጎተተው መኪና ውስጥ ልምድ ያለው አንድ ሾፌር ብቻ ይቀመጥ። የእርሱ ሥራ ከፊተኛው አይቀልም። ገመዱ እንዳይላላ ፍሬኑን በቀስታ እየነካ መጠበቅ ያለበት እርሱ ነው፤ የላላ ገመድ ጎማ ሥር ይገባል ወይም በድንገት ሲወጠር ይበጠሳል። የፊተኛው ሾፌር በበኩሉ በዝቅተኛ ማርሽ ይነሣ። ክላክስና መብራት ምን እንደሚያመለክቱ አስቀድሞ ይስማሙ። ፍጥነቱ በሰዓት ከ30 ኪሎ ሜትር አይበልጥ። ሲመሽ፣ ጭጋግ ሲሆን ወይም የኋላው መኪና መብራት የማይሠራ ሲሆን ጉዞው ይቁም።

ስለ ዳገትና ቁልቁለት የተለየ ማስጠንቀቂያ አለ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ስላለች አየሩ ስስ ነው። ቱርቦ የሌለው ሞተር በዚህ ከፍታ ከጉልበቱ አንድ አምስተኛ ያህሉን ያጣል። በቆላ በቀላሉ የጎተተ መኪና በቀራንዮ ዳገት ሊያቅተው ይችላል፤ ዳገት መካከል ቆሞ ወደ ኋላ መንሸራተት ደግሞ ሁለት መኪና ማጣት ነው። ስለዚህ የሚጎትተው መኪና ከሚጎተተው ይክበድ እንጂ አይቅለል።

ቁልቁለት ከዚህ የባሰ ነው። የአባይን በረሃ ያየ ሁሉ ያውቀዋል። ከጎሐ ጽዮን እስከ ደጀን 40 ኪሎ ሜትር በሚያህል መንገድ ከ1,000 ሜትር በላይ ተወርዶ እንደ ገና ይወጣል። በእንዲህ ያለ ቁልቁለት አጋዥ በሌለው ፍሬን ረጅም ጊዜ ሲረገጥ ሸራው ይግላል፤ የጋለ ሸራም መያዝ ያቅተዋል። በገመድ የተጎተተ መኪና በዚያ ቁልቁለት መውረድ የለበትም። በመኪና ላይ ይጫን ወይም መካኒክ ወዳለበት ይምጣ።

ሲደርሱም ሥራው አላለቀም። መጀመሪያ የሚጎተተው መኪና ጎማዎች በታኮ ይያዙ፤ ገመዱ ይላላ፤ ከዚያ በኋላ ብቻ ይፈታ። ቅደም ተከተሉ ከተገለበጠ እስካሁን የተደከመው ሁሉ በበሩ ላይ ይፈርሳል።

ሳይጎተት የሚመጣበት ጊዜ

በአራቱም ጎማ የሚነዳ አሮጌ መኪና አንድ ጥቅም አለው። እንደ ቀድሞዎቹ ላንድሮቨሮች ባሉት ላይ የኋላው የጎማ ዘንግ ቢሰበር፣ ጎማውን የሚሸከመው ሌላ አካል ስለ ሆነ፣ የተሰበረውን አውጥቶ በፊት ጎማ ብቻ በዝግታ ወደ ቤት መምጣት ይቻላል። የአራት ጎማ መንጃው ይገባል፤ የፊት ጎማ መቆለፊያው «ሎክ» ላይ ይደረጋል። ነገር ግን ሁሉም መኪና እንዲህ አይደለም። እንደ «40»ው ላንድክሩዘር ባሉት ላይ ጎማውን የያዘው ያው ዘንግ ስለ ሆነ፣ ሲሰበር ጎማው ራሱ ሊወጣ ይችላል። ስለዚህ የፕሮጀክታችሁ መኪና የትኛው ዓይነት እንደ ሆነ ዛሬውኑ፣ ሳይሰበር፣ መካኒኩን ጠይቃችሁ በመኪናው መዝገብ ላይ ጻፉት።

ከሰኔ በፊት የሚዘጋጅ

እያንዳንዱ የፕሮጀክት መኪና ክረምት ሳይገባ የሚከተሉትን ቢይዝ መልካም ነው፦ ሁለት የእንጨት ታኮ፣ አካፋ፣ ክሪክና ከሥሩ የሚነጠፍ ወፍራም ጣውላ፣ አቅሙ የተጻፈበት ደኅና ገመድ ወይም ቀበቶ፣ ሁለት ሻክል ማለትም በቡሎን የሚዘጋ የብረት ቀለበት፣ የቆዳ ጓንት፣ ጆንያ፣ ቀይ ጨርቅ፣ ባለ ሦስት ማዕዘን ምልክት፣ የእጅ ባትሪ፣ የአየር መሙያ፣ ስኮርታ ጎማና መፍቻዎች። ገመዱ በየጊዜው ይታይ፤ የተቆረጠ፣ ፀሐይ ያደረቀው ወይም ዘይት የነካው ከሆነ ለመጎተቻ አያገለግልም። መኪና ለመግዛት ወይም ለማስጠገን የምትረዱ ጉባኤዎችም ይህን ዝርዝር ከመኪናው ዋጋ ጋር አብራችሁ ብታስቡት፣ የአንድ ሾፌር ወይም የአንድ ወጣት እጅና እግር ልታድኑ ትችላላችሁ።

ከዕቃው ሁሉ በላይ ግን የሚያስፈልገው ልምምድ ነው። አንድ ቅዳሜ ጠዋት ሠራተኞቻችሁን ሰብስባችሁ በደረቅና ሜዳ ቦታ ላይ ገመድ ማሰርን፣ ታኮ ማድረግን፣ በአንድ አዛዥ ድምፅ መሥራትን አለማምዱ። የትንሹን ካምቢዮ ዘንግ ዜሮ ላይ ማድረግና የፊት ጎማውን መቆለፊያ ማዞር የማይችል ሠራተኛ ካለ በዚያ ቀን ይማር። በዝናብና በጨለማ፣ ተሳፋሪ እየተጨነቀ፣ ልጆች እየተሯሯጡ ለመማር መሞከር ግን ጊዜው ያለፈበት ይሆናል።